በሰው ሶፋ የተቀበልኳቸው እንግዶች

«ልጅዎን እናስተምርልዎ» ብለው ቤቴ ድረስ የመጡትን ሰዎች በሰው ሶፋ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሶፋው የአንድ ደንበኛዬ ነበር፤ በማግስቱ መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጥረናል። ይህን ያደረግሁት ደግሞ «የሰው ዕቃ የሰው ነው» እያልኩ የግቢውን ሕፃን ሁሉ ስገሥጽ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ የሶፋ ልብስ መቀየር ነው። በዚያን ጊዜ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ግቢ የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። ከመንገድ በኩል ያለችው ክፍል መሥሪያዬ ነበረች፤ ከኋላዋ ያሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ ቤታችን። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። የተጣለ ወንበር ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ የተረፈኝን ምስማር እያየሁ የት እንደዘለልኩት በማሰብ ነው የተማርኩት። ንባቤም እንደዚያው ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያገኘሁትን ሁሉ ግን አነባለሁ፤ ያነበብኩትንም ሳልጠየቅ አስረዳለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንብቦ ዝም ማለት አይቻልም?» ትለኛለች ባለቤቴ።

አይቻልም። ሞክሬዋለሁ።

በቤታችን ሶፋ አልነበረም። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ እኔም የሰው ሳሎን ሳለብስ ውዬ የምቀመጠው በእንጨት አግዳሚ ላይ ነበር። ሲጠይቁኝ «ቅንጦት ሰውን ያሰንፋል» እል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አቅሜ ቢፈቅድ ኖሮ ስለ ቅንጦት ሌላ አስተያየት ይኖረኝ ነበር።

ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ባለቤቴ ታመመች። አንድ ጠዋት ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ሐኪሞቹ «ስትሮክ ነው» አሉ። ነፍሷ ተረፈች፤ ከሆስፒታልም ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሕክምና እኔ ተረከብኩት። በሽተኛ ማረፍ አለበት የሚል አንድ ነገር የሆነ ቦታ አንብቤአለሁ። ስለዚህ በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የበለጠውን መቀመጫ ሠራሁላት። ድርብ ስፖንጅ አስገባሁበት፤ ከደንበኛ ሥራ የተረፈ ከፈይ አለበስኩት፤ በጎንና በጎኑ ትራስ ደገፍኩበት። እዚያ ውስጥ አስቀምጬ «እንዳትነቃነቂ» አልኳት። ውኃውን በአፏ፣ ነጠላውን በትከሻዋ፣ ሁሉን እኔ አደርግላት ጀመር። ወጌሻም አስመጣሁ፤ በቅቤ አሸልኝ፣ ጸለየ፣ ሄደ።

«ግማሽ ጎኔ ነው የደከመው» አለችኝ አንድ ቀን። «አንተ ግን ሙሉዬን ቀበርከኝ።»

ምላሷ አልታመመም ነበር።

ለክትትል ሆስፒታል ስትጠራ መቀመጫውንም ተሸክሜ ሄድኩ፤ የሆስፒታሉ ወንበር እንዳይጎዳት ብዬ። ልጄም አብራን ነበረች። የፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚባል ቦታ ላኩን። በሩን ከፍቶ ያስገባን ሰው ገና ጎረምሳ ነው፤ ነጭ ጋውኑ ሰፍቶታል። ባለቤቴን መቀመጫዋ ላይ ሳስቀምጣት፣ እሷን ከማየቱ በፊት መቀመጫውን አየው።

«ይሄን ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ ኮራ ብዬ። ሊያሠራኝ መስሎኝ ነበር።

«በጣም ያምራል ጋሼ። ያንሱት።»

«ምን?»

«እየሰመጡበት ነው። ወደ ደከመው ጎናቸው እያጋደላቸው ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ጠንከር፣ ከፍ ያለ ወንበር ነው። እግራቸው መሬት ይርገጥ። ደግሞ ሁሉን አያድርጉላቸው፤ ይታገሉት።»

ሰውየው ባለቤቴን እንዴት እንደምትነሳ ሲያስተምራት፣ ልጄ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። እኔ ግን መቀመጫዬን ታቅፌ ግድግዳ ግድግዳውን አይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ እንጨት አግዳሚ የባለቤቴ ሆነ። ልጄ ማታ ማታ ከጥናቷ በፊት እናቷን ታስነሳታለች፣ ታስቀምጣታለች፤ እጇን ታንቀሳቅስላታለች። ቀስ በቀስ ባለቤቴ በከዘራ እስከ ግቢው በር ትደርስ ጀመር። በር ላይ ቆማም በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ትተች ነበር።

ልጄ ትምህርቷን ስትጨርስ ዶክተር ትሆናለች ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር። እሷ አንድ ቀን መሥሪያዬ ገብታ ቆመች።

«አባባ፣ መማር የምፈልገው ፊዚዮቴራፒ ነው።»

«ወጌሻ ልትሆኚ?»

«ወጌሻ አይደለም…»

«ወገብ ማሸት አይደለም እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ወገብ ልታሺ ነው?»

ከጓዳ በኩል የባለቤቴ ድምፅ መጣ። «እኔን ማን አቆመኝ? ያንተ ስፖንጅ ነው?»

እኔ ስለ ትዕግሥት ተናገርኩ። ልጄ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ሕክምና ነው የምትማረው» እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ። «አባባ፣ ፊዚዮቴራፒ በል፤ ጥርስህ አይወልቅም» ትለኝ ነበር።

ያስቸገረን ግን የእኔ ኩራት ሳይሆን ክፍያው ነበር። ትምህርቱን በሚሰጠው ኮሌጅ ከፍዬ ላስተምራት አልችልም ነበር። ዕድል ሆኖ፣ ፊዚዮቴራፒ ለሚማሩና አቅም ለሌላቸው ልጆች ወጪያቸውን ሙሉ በሙሉ የሚችል አንድ ማኅበር መኖሩን ሰማች። አመለከተች፤ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፈች። የቀረው፣ የማኅበሩ ሰዎች ቤታችን መጥተው ኑሯችንን ማየታቸውና ከዚያ በኋላ ለቃለ መጠይቅ መጥራታቸው ነበር። ያንን ካላለፈች ትምህርቱ ይቀራል። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ሦስታችንም እናውቀዋለን።

ሰዎቹ የሚመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ልጄ ዓርብ ማታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የሚመጡት እንዳለን ሊያዩን ነው። ምንም ነገር እንዳትነካ።»

«ምን እነካለሁ?»

«አውቅሃለሁ። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አልኩ።

በማግስቱ የሰፈራችንን መግቢያ ስለማያውቁት ኦሎምፒያ ድረስ ሄዳ ልታመጣቸው ወጣች። እኔ ቤቱ መሐል ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። አግዳሚው፣ ሁለት በርጩማ፣ ቀለሙ የለቀቀ ግድግዳ። እንግዳ፣ ያውም የተማረ እንግዳ፣ ያውም የልጄን ዕድል በእጁ የያዘ እንግዳ በርጩማ ላይ ሊቀመጥ ነው። በመሥሪያዬ ውስጥ ደግሞ ትናንት የጨረስኩት፣ ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው ደንበኛዬ ሶፋ፣ ወይን ጠጅ ከፈይ ለብሶ ተቀምጧል። በሩ ሰፊ ነው። ሶፋው ቀላል ነው። የቀረውን ሰይጣን ሠራው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሶፋውን የገፋሁት እኔ ነኝ።

ሶፋው ሲገባ ወለሉ አስጠላኝ። ግቢያችን ውስጥ ሱቅ ያላት የወሎ ሴት ነበረች፤ ቤቷ የሚያምር ምንጣፍ አለ። ሄጄ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ሰርግ አለ እንዴ?»

«እንግዳ ነው። ለልጅቷ ትምህርት የሚከፍሉ ሰዎች።»

አየችኝ። «ታዲያ እንዲህ ከሆነማ ያለዎትንም መደበቅ አይሻልም?»

«እኔ ደሃ ልሆን እችላለሁ» አልኳት፤ «ገመናዬን ግን ለእንግዳ አላሰጣም። ሰው በክብሩ ነው።»

«እንዳሉ። አላህ ያሳካው። ብቻ በጫማ እንዳይረገጥብኝ፤ ይወቁት።»

ስለ ክብር በደንብ ሳልናገር አልቀረሁም መሰል፣ ከምንጣፉ ጋር ብርጭቆዎቿንና ቴሌቪዥኗንም ሰጠችኝ። ሁሉንም እየተመላለስኩ ተሸከምኩ። አግዳሚውን መኝታ ቤት ካለው መጋረጃ ኋላ ሸሸግሁት።

ባለቤቴ ከዘራዋን ተደግፋ ታየኝ ነበር። «ሰዎቹ የሚመጡት የሌለንን ሊያዩ ነው» አለች። «አንተ የሌለንን ሁሉ ሞላኸው።»

«ይልቅ ነጠላሽን አስተካክዪና ሶፋው ላይ ተቀመጪ።»

«እዚህ ላይ?»

«እንግዳ ሲገባ ልትቆሚ ነው?»

ተቀመጠች። ሶፋው ዋጣት። እኔ ግን እንዴት ያምርባታል ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

ልጄ ሁለት ሰዎች አስከትላ ገባች። አንዷ ጸጉሯ ሸበት ያለ፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ራሷም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደሆነች ልጄ ነግራኛለች። ሌላው ሰሌዳ ላይ ወረቀት የያዘ ወጣት ነው። ልጄ ደፉ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሶፋውን አየች፤ ምንጣፉን አየች፤ ቴሌቪዥኑን አየች፤ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ግቡ፣ ግቡ! ብቻ ጫማችሁን…» አልኩ፤ የጎረቤቴ ማስጠንቀቂያ ትዝ ብሎኝ።

ወጣቱ ጫማውን ሲያወልቅ የእግሩ አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ብቅ አለ። ቶሎ ብሎ በሌላኛው እግሩ ሸፈነው። ልረዳው መጣሁ በሚለው ደሃ ቤት እሱ ራሱ ሲሳቀቅ ሳይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ለስላሳ በጎረቤቴ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ወጣቱ ከፈዩን ዳሰስ አደረገው።

«ሶፋው አዲስ ነው?»

«የራሴ ሥራ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ከውሸት የሚለየው ግን በአንድ ክር ነበር።

«ቴሌቪዥንም አለ።»

«ዜና እንከታተላለን።» ይህም እውነት ነው፤ የምንከታተለው ጎረቤት ሄደን ነው እንጂ።

ወጣቱ ይጽፋል። ልጄ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማለች። እኔ ስለ ትምህርት ክቡርነት፣ ስለ እጅ ሥራ፣ ስለ ዘመኑ ልጆች ተናገርኩ። ሴትየዋ ብርጭቆዋን እንደያዘች ትሰማኛለች። በመጨረሻ ወጣቱ ብዕሩን ከደነ።

«ጋሼ፣ በጣም ደስ የሚል ቤተሰብ ነው። ማለቴ… አመልካቹ ብዙ ነው፤ እኛ ደግሞ ቅድሚያ የምንሰጠው በቃ ምንም ለሌላቸው ነው። ያው ቅር እንዳይላችሁ…»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሁሉ ያነበብኩት ያላስረዳኝ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ገባኝ። ልጄን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች። «የእኛ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ለሁሉም ነገር ምሳሌ የማያጣው አፌ ይህችን ሁለት ቃል አጣት።

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «ልነሳ» አለች።

ወደፊት ተንቀሳቀሰች፤ ሶፋው መለሳት። እንደገና ሞከረች፤ ይባስ ብላ ወደ ግራ ጎኗ ዘመመች። ጉልበቷ ከመቀመጫዋ በላይ ነበር። ዘልዬ ሄድኩና የደከመውን ክንዷን ይዤ ወደ ላይ ሳብኩ። ባለቤቴ ጮኸች።

«አባባ! ክንዷን አትሳብ!»

ልጄ እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እሷ እናቷ ፊት በርከክ አለች። ጀርባዋን ደግፋ በአንድ ጎን፣ ከዚያ በሌላው ጎን እያደረገች ወደ ሶፋው ጫፍ አመጣቻት። እግሮቿን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ በደንብ አስረገጠቻት። የደከመውን ጉልበት በእጇ ደገፈች።

«እማዬ፣ ወደፊት ጎንበስ በይ። አፍንጫሽ ከእግር ጣቶችሽ ይለፍ። አትፍሪ፣ ይዤሻለሁ። አሁን!»

ባለቤቴ ቆመች። ከዘራዋን ተቀብላ፣ እኔን ገላምጣ፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሴትየዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«እማዬን ሆስፒታል ሲያክሟት አይቼ ነው። ከዚያ በየቀኑ እንሠራለን።»

ሴትየዋ ወደ ባለቤቴ ዞረች። «እናቴ፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡት እዚህ ሶፋ ላይ ነው?»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ።

«እንደዚህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ከዚህ ሶፋ ላይ አይውልም» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። «ይህን የምታውቅ ልጅ ደግሞ እናቷን እዚህ ላይ አታስቀምጥም።»

«አግዳሚ አለኝ» አለች ባለቤቴ። «ከመጋረጃው ኋላ ደብቆታል።»

ሄጄ አግዳሚውን አወጣሁት። ምንጣፉ መሐል ሳስቀምጠው፣ አስቀያሚነቱ ከመቼውም ይልቅ ታየኝ። ከዚያ ምላሴ ተፈታ። «ሶፋው የደንበኛ ነው» አልኩ። «ነገ ይወስደዋል።»

«ቴሌቪዥኑስ?» አለ ወጣቱ ብዕሩን መልሶ እየከፈተ።

«የጎረቤት።»

«ምንጣፉስ?»

«እሱም። ብርጭቆውም።»

«እኔ እዚህ ቤት የራሴ የምለው ባሌን ብቻ ነው» አለች ባለቤቴ አግዳሚዋ ላይ ቁጭ እያለች፤ «እሱንም የሚዋስ ጠፍቶ ነው።»

ወጣቱ ሳቀ፤ ሴትየዋም ፈገግ አለች። ልጄ ግን አልሳቀችም።

«ግን ለምን ጋሼ?» አለ ወጣቱ።

«እንግዳ ናችሁ።»

«እኛ እንግዳ አይደለንም፤ ልናጣራ ነው የመጣነው» አለች ሴትየዋ።

«ቤቴ ከገባችሁማ እንግዳ ናችሁ» አልኩ።

ትንሽ አሰበች። «እሱስ ልክ ነው። ግን ያየነውን ሁሉ ነው የምናቀርበው፤ የሚወስነው ሌላ ኮሚቴ ነው። የሌላቸውን አለን ብለው አሳዩ፣ ነገ ደግሞ ያላቸውን የለንም ሊሉ ይችላሉ የሚል ሰው አይጠፋም። እንዳልዋሽዎት ብዬ ነው።»

በር ላይ ጫማቸውን ሲያደርጉ የወሎዋ ጎረቤታችን አንገቷን ብቅ አደረገች። «አላህ ይስጣችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ነበር አይደል?»

ሰዎቹን ልጄ ሸኝታ ተመለሰች። የምትጮኽብኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሴንም አሰናድቼ ነበር።

«አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ» አለችና ቴሌቪዥኑን አንስታ ወጣች።

የደንበኛዬን ሶፋ መልሼ ወደ መሥሪያዬ ገፋሁት፤ ባለቤቴ የሰመጠችበትን ቦታ በእጄ እየደበደብኩ ለማስተካከል ሞከርኩ። ደንበኛዬ በማግስቱ መጥቶ ሲቀመጥበት «ምቹ ነው» አለ። የሆነውን ነገርኩት። «ታዲያ እንኳን ተሞከረ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ልጄ «ደህና ዋልክ፣ ደህና አደርክ» ከማለት ውጪ አታናግረኝም። እንጀራውን ታቀርብልኛለች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። ስለ ይቅርታ የማውቀውን ሁሉ ልነግራት ጀመርኩና ባለቤቴ «ዛሬስ ተወን» አለችኝ። ዝም ማለት ስለማልችል እጄን ሥራ ሰጠሁት። ባለቤቴ ተኝታ ሳለ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ በሲባጎ ለካሁና ወንበር መሥራት ጀመርኩ። ከፍ ያለ፣ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ መቀመጫው ጣውላ ላይ ስስ ስፖንጅ ብቻ ያለበት። ክንድ ማሳረፊያው የምትገፋበት እንጂ የምትንተራስበት እንዳይሆን አደረግሁት። አንድም ጌጥ የለውም። ደንበኛ ቢያየው ይህ ሰው ሙያውን ረሳ ይል ነበር።

ልጄ ከውጭ ስትገባ አየችው። መዳፏን መቀመጫው ላይ አድርጋ ተጫነችው።

«ጠንካራ ነው» አለች።

ለእኔ ይህ ብዙ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። ያን ቀን መሥሪያዬ ተቀምጬ አንድ ትራስ ሰፍቼ ፈታሁ፣ ሰፍቼ ፈታሁ። ጥቂት ቀናት ቆይተው ውጤቱን ራሷ ሄዳ እንድትሰማ ጠሯት። ወደ ማታ፣ ከታክሲ ወርዳ በሩጫ ስትመጣ በመሥሪያዬ በር አየኋት። በእኔ በኩል አልፋ ወደ እናቷ ገባች። ተከተልኳት።

«ተቀበሉኝ! እማዬ፣ ተቀበሉኝ!»

አዲሱ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው ባለቤቴ በቀኝ እጇ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ልጄ፣ እንግዲህ ትዕግሥትና እውነት…»

«አባባ፣ ቆይ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ አንተ እኮ ጠየቁኝ።»

ቆምኩ። «ስለ ሶፋው?»

«ስለ ሶፋው ከኮሚቴው አንዱ ሰውዬ ብዙ አከረረ። 'ያታለለን ቤተሰብ ነው' አለ። እውነቱን ነገርኩት፤ አልሳቀም። ከዚያ ያቺ ቤታችን የመጣችው ሴት 'በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄደሽ ብታክሚ ከባዱ ነገር ምን ይመስልሻል?' አለችኝ።»

«ምን አልሽ?»

«'አባቴ' አልኳት።»

ባለቤቴ ከት ብላ ሳቀች።

«እንዲህ ነበር ያልኩት» አለች ልጄ፤ አሁን እሷም እየሳቀች ነበር። «በሽተኛውን የሚወደው ሰው ይስበዋል፤ በራሱ እንዲነሳ ጊዜ አይሰጠውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማስተማር ያለብኝ እሱን ነው አልኩ። የከረረው ሰውዬ ሳይቀር ጻፈው። ስወጣ ያቺ ሴት 'አባትሽ አሁንም ክንዷን ይስባል?' አለችኝ።»

«ምን መለስሽላት?»

«'አላውቅም' አልኳት።»

ባለቤቴ ልጇን ልታቅፍ ፈልጋ እግሮቿን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረገች። እጄ ሳላዝዘው ወደ ክንዷ ተዘረጋ። ልጄ እጄን አየችው። ባለቤቴም አየችው።

እጆቼን ወደ ኋላዬ አድርጌ አንዱን በሌላው ያዝኩት። ባለቤቴ የወንበሩን ክንድ ተደግፋ ጎንበስ አለች፤ አፍንጫዋ ከጣቶቿ አለፈ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። እጆቼ ከኋላዬ እርስ በርሳቸው ይታገሉ ነበር። በጣም ቆየች። ከዚያ ተነሳች።